ለአንድ ሰው የሚበቃ ፀሐይ

ሰኞ

ዛሬ ገባን። "ገባን" የሚባለው ቤት ላለው ሰው ነው፤ "ቆምን" ብል ይሻላል። አልጋና ምድጃ የተሠራላት ቤት መኪናችን በባለቤቴ ታላቅ ወንድም ግቢ ውስጥ፣ ከኩሽናው መስኮት ፊት ለፊት፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር ቆማለች። ከዓመታት በፊት የገዛናት ጡረታ ስንወጣ ዓለምን እናይባታለን ብለን ነው። እስከ ዛሬ ያየችው ሩቅ ቦታ የመኪና ማጠቢያው ነው።

ነገሩን ለራሴ በግልጽ ልጻፈው፤ ለሰው ሳወራው አሳምረዋለሁና። ባለቤቴ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው። መሪ ላይ ሸለብ አደረገው። አውቶቡሱ አጥር ገጭቶ ቆመ፤ ከአጥሩ በቀር የተጎዳ የለም። ሐኪሞች መረመሩት፤ ሲተኛ ትንፋሹ አልፎ አልፎ ይቋረጣል አሉ። መንጃ ፈቃዱ ተያዘ። መሥሪያ ቤቱም "ቤቱ የሹፌር ነው፤ የማይነዳ ሹፌር የለም" ብሎ የምንኖርበትን ቤት ወሰደ። ሆስፒታሉ በፈንታው አንድ መሣሪያ አዋሰን፦ ፊት ላይ የሚጠለቅ ጭምብል፣ ከጭምብሉ የሚወርድ ቱቦ፣ ከቱቦው ጫፍ አየር የሚነፋ ትንሽ ሣጥን። ሣጥኑ ስንት ሰዓት እንደተተኛበት ይቆጥራል። በጋው ሲያልቅ ቦርድ ተሰብስቦ ያያል። በየሌሊቱ ከተኛበት ይነዳል፤ ካልተኛበት አይነዳም።

ስለዚህ ኑሯችን በአንድ ሶኬት ላይ ተንጠልጥሏል። ሶኬቱም የሰው ነው።

ረቡዕ

ገመዱ ከኩሽናው ሶኬት ተነስቶ በመስኮት ይወጣል። ስለዚህ መስኮቱ አይዘጋም። ስለዚህ ኩሽና ውስጥ የሚባለውን ሁሉ እሰማለሁ። ላለመስማት እሞክራለሁ። (አልሞክርም።)

የጋሼ ሚስት፦ "እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲያድር ብር..."

ጋሼ፦ "ኧረ ከትናንት ወዲያ ነው የመጡት!"

"ታዲያ ብር ናቸው አልኩ እንጂ ብረት ናቸው አልኩ?"

ጋሼ የምለው የባለቤቴን ወንድም ነው። ሚስታቸውን ፊት ለፊት "እትዬ" እላታለሁ፣ "እርስዎ" እላታለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን ስሟ ማጥፊያ ነው። ከክፍል ስትወጣ፣ ውስጥ ሰው ኖረም አልኖረም፣ መብራት ታጠፋለች። ትናንት መታጠቢያ ቤት ሳለሁ አጠፋችብኝ። "ሰው አለ!" ብዬ ጮህኩ። "ታዲያ ሰው ካለ ምን ያስፈራሻል?" አለችኝ ከኮሪደሩ።

ዓርብ

ሌሊት መሣሪያው ቀጥ አለ። ማጥፊያ ከመተኛቷ በፊት ሶኬቱን ነቅላዋለች። ጠዋት ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች። "ውይ! እጄ ነው እኮ!" እጇ ነው። አምናታለሁ። ቦርዱ ግን በእጇ አይፈርድም።

ባለቤቴ፦ "ግድ የለም፤ ያለሱም ተኝቻለሁ።" ዓይኖቹ እንደ በርበሬ ቀልተዋል።

"የራሳችን ኤሌክትሪክ ያስፈልገናል" አልኩት።

"ከየት?"

ወደ ላይ ጠቆምኩ።

"ከእግዜር?"

"ከፀሐይ።"

"ያው ነው" አለ። "ሁለቱም ቤት ደጅ መጥናት ነው።"

እዚህ ላይ ሙያዬን መግለጽ አለብኝ። የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት የሰው ስሕተት እለቅማለሁ። የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ መጽሐፍ በኔ እጅ አልፏል። የኤሌክትሪኩን ምዕራፍ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ አንዲት አራት ነጥብ አላመለጠችኝም። ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

ቅዳሜ

የአሮጌ ዕቃ ገበያ። ሻጩን ዋስትና ብዬዋለሁ፤ ምክንያቱ ከታች ነው።

"ይሄ የፀሐይ ፓነል ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል" አልኩ።

"ስንጥቅ አይደለም እናቴ፤ ምልክት ነው። ከሌላ ሰው ፓነል ጋር ቢቀላቀል በሱ ትለዪዋለሽ።"

"ባትሪውስ ስንት ዘመን ሠርቷል?"

"ዋስትና አለው።"

"ዋስትናው ምንድነው?"

"እኔ ነኛ!"

"አንተስ የት ትገኛለህ?"

"እዚሁ። ካልሄድኩ።"

ባለቤቴ ሳቁን ለመደበቅ ዞሮ የሰው ብስክሌት ማየት ጀመረ። ገዛን። ያለው አዲስ ይገዛል፤ የሌለው ብልህ አሮጌ ፓነል ገዝቶ ገንዘቡን በባትሪው ላይ ያውላል። እኔ አሮጌ ፓነል፣ አሮጌ ባትሪ፣ እና በጣም የሚያምር አዲስ የእጅ ጓንት ገዛሁ።

እሑድ

ጭስ።

እሑድ፣ ማታ

አሁን ተረጋግቻለሁ፤ ልጻፈው። በፓነሉና በባትሪው መካከል የሚገባ መቆጣጠሪያ የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ፤ ከፀሐይ የሚመጣውን መጥኖ ለባትሪው የሚያጎርስ። መጀመሪያ የሚገናኘው ከባትሪው ጋር ነው፤ ፓነሉ ቀጥሎ። እኔ ቤት መኪናዋ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ፓነሉን አስቀደምኩ። መቆጣጠሪያው ባትሪ ሳያይ የቀትር ፀሐይ ተጋተና ጢሱን ተፋ።

የሚያበሳጨው አለማወቄ አይደለም። ዋስትና በሰጠኝ ወረቀት ላይ "ባትሪው በቅድሚያ ይገናኝ" የሚል አለ። አንብቤዋለሁ። ከሥሩ ያለውን የፊደል ግድፈት በቀይ እስክሪብቶ አርሜ፣ ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከትቼዋለሁ።

ማጥፊያ በመስኮቷ፦ "ምን ተቃጠለ?"

"ምንም እትዬ!"

"ምንም እንዲህ አይሸትም።"

ባለቤቴ አልተቆጣም። መሰላሉን ይዞ ቆሞ "ኢንጂነሬ፣ ውረጂ፤ እሳቱ ካንቺ በፊት ወርዷል" አለኝ። ባይቀልድ ይሻለኝ ነበር። ሰውየው ሥራ አጥቶ፣ ቤት አጥቶ፣ ሚስቱን መሰላል ላይ ያጽናናል።

ረቡዕ

ሁለተኛ መቆጣጠሪያ። ባትሪ በቅድሚያ። ሠራ! ትንሽ መስኮት አለው፤ ምን ያህል እንደገባና ምን ያህል እንደወጣ በቁጥር ያሳያል። ቁጥሩን እንደ ልጅ ፎቶ እያየሁት ዋልኩ።

ቁጥሩ ከቀትር በኋላ ወደቀ። ዛፉ። የፓነሉ ጥግ ላይ መዳፍ የምታህል ጥላ አርፋለች። መዳፍ የምታህለውን ያህል ብቻ ይቀንሳል ብዬ ነበር። አይደለም። አንዱ ጥግ ጥላ ሲሆን ሁሉም ያኮርፋል።

ሐሙስ

ቤት መኪናዋን ከዛፉ ሥር ማውጣት ነበረብን። ጥቂት እርምጃ ወደፊት። ባለቤቴ መሪው ላይ ተቀመጠ። ከአደጋው ወዲህ መሪ ሲይዝ የመጀመሪያው ነው፤ እዚህ ድረስ የነዷት ጋሼ ናቸው። ለዚያች ጥቂት እርምጃ መቀመጫውን አስተካከለ፤ መስታወቶቹን አየ፤ ቀበቶውን አሠረ። ግራ ቀኙን ተመልክቶ ጥሩምባ ነፋ። ከፊቱ ያለችው አንዲት ድመት ናት። እኔ ከኋላ "ና፣ ና፣ ና" እያልኩ የማላየውን ነገር እመራለሁ።

የማጥፊያን የልብስ ማስጫ በጠስነው።

"አሁን ልብሱን እናንተ ላይ ላስጣው?" አለች።

"እንደሱ ቢያደርጉትስ?" አላት ባለቤቴ፤ የገመዱንም ጫፍ ከቤት መኪናዋ መስታወት ጋር አሠረላት። አሁን የጋሼ ሱሪዎች ከበራችን ፊት ለፊት ይወዛወዛሉ። ነፋስ ሲመጣ አንዱ አንሶላ ፓነሉ ላይ ጥላ ይጥላል። ዝም ብያለሁ። ሁሉም በአንድ ቀን አይጠየቅም።

ሰኞ

ሥራ ቦታ። አለቃዬ አንድ ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። የመጽሐፉ ርዕስ ሁለት ጊዜ ተደግሞ ታትሟል፤ አንዱ ከአንዱ በታች፣ በትልቅ ፊደል። እኔ ፈርሜ አሳልፌዋለሁ።

"ዓይንሽ ደክሟል?"

"የመኪና ኑሮ ነው፤ ይለመዳል።"

"ቅድም ተኝተሽ ነበር?"

"ዓይኔን አሳረፍኩ እንጂ።"

ባለቤቴም ስለ አደጋው ለመርማሪው እንዲህ ነበር ያለው። እሱ ያሳረፈው መሪ ላይ ሆኖ ነው። ልዩነቱ የኔ ጠረጴዛ አጥር አይገጭም። ራስ ምታቱ ጠዋት ጠዋት ነው፤ ከቀትር በፊት ይለቀኛል። ትራሱን መቀየር አለብኝ።

ማክሰኞ

በመስኮቱ። እኔ ሰሐን አጥባለሁ፤ እነሱ እራት ላይ ናቸው።

ማጥፊያ፦ "ትናንትም ሌሊቱን ሙሉ ወፍጮ ሲፈጭ አደረ። መሣሪያው ማንኮራፋት ያጠፋል አላሉም እንዴ?"

ጋሼ፦ "ቀስ በይ፤ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! የገረመኝ ምን መሰለህ? ውኃ ልጠጣ ተነስቼ በመስኮት ባይ፣ ወንድምህ ውጭ ቆሟል። እሱ ውጭ፣ ወፍጮው ውስጥ!"

ከዚያ የጋሼ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፦ "እንግዲህ አንቺም አላየሽም፣ እኔም አልሰማሁም።"

ነገሩ ግልጽ ነው። መሣሪያውን ሳያጠፋ ወጥቷል። ከኩሽና የሚመጣው ገመድ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ቮልቴጅ መንገድ ላይ ይባክናል፤ ቮልቴጅ ሲያንሰው ሞተር ያጓራል። የራሳችን ኤሌክትሪክ ሲሆን ድምፁ ይጠፋል።

ዓርብ

የመጀመሪያው ሌሊት በራሳችን ባትሪ። ንጋት ሳይሆን ሞተ። ባትሪው ማለቴ ነው።

ጥፋተኛው ኢንቨርተሩ ነው። የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ ነው፤ ሥራው የደላላ ነው፤ ከሁለቱም ወገን ይበላል። የመሣሪያው ሣጥን ደግሞ ያንኑ መልሶ ወደ ባትሪ ዓይነት ይቀይረዋል። አንድ ደላላ ሸጦልህ ሌላ ደላላ ያንኑ መልሶ እንደሚገዛልህ። ደላሎቹን አስወጣለሁ። ከባትሪው ቀጥታ ወደ ሣጥኑ፣ በአንድ ሽቦ። አየሩን የሚያረጥበው ውኃ ማሞቂያም ይጥፋ። አፍንጫው ትንሽ ይድረቅ።

እነዚህን ሁሉ ያገኘሁት ከመሣሪያው ሻንጣ ውስጥ ከወጣው መመሪያ ነው። አሁን ቃላቱንም አነባለሁ።

ቅዳሜ፣ ማታ

ቀጥታውን ሽቦ በሱ ሌሊት ላይ መሞከር አልፈለግሁም። ሌሊቶቹ ተቆጥረው የሚሰጡ ናቸው። ቀን ልሞክረው አሰብኩ፤ ግን ሣጥኑ ሰው ካልተነፈሰበት በራሱ ይጠፋል። (ታዲያ ያን ሌሊት ሰው ሳይኖር እንዴት አጓራ? በኋላ አስብበታለሁ።) ስለዚህ ጭምብሉን በሳሙና አጥቤ እኔው አጠለቅሁት። ባለቤቴ ከጋሼ ጋር ወጥቷል። መስታወት ውስጥ ራሴን አየሁ፤ የጠፈር ሴት ጡረታ ላይ። ጥቂት ደቂቃ ተንፍሼ ቁጥሩን አንብቤ እነሳለሁ ብዬ ተጋደምኩ።

ስነቃ መሽቷል።

እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከመቼ ወዲህ ነው የተኛሁት? ራሴ የሰው ራስ ሆኖ ቀለለኝ። ውጭ ያለው ነገር ሁሉ ጠርዙ የታረመ ይመስል ነበር። ቀጥታው ሽቦ ሠርቷል ማለት ነው! የራስ ኤሌክትሪክ ደስታ እንዲህ ሰውነት ውስጥ እንደሚገባ አላውቅም ነበር።

ቁጥሩ ግን አስደነገጠኝ። መሣሪያው በልቶ በልቶ ነው ያመሸው።

ሰኞ

እሱ በቀጥታው ሽቦ አደረ። ጠዋት ቁጥሩን አየሁ፤ ጥቂት ነው የበላው። ሌሊቱን ሙሉ እሱ ከበላው እኔ በአንድ ከሰዓት የበላሁት ይበልጣል። የላላ ነገር አለ።

የማጥፊያን ገመድ ነቅዬ፣ ጠቅልዬ፣ አመስግኜ መለስኩላት። መስኮቷን ዘጋችው። ምን እንደምትል አሁን አልሰማም። ያልጠበቅሁት፣ ይሄ ትንሽ ቅር አለኝ።

ቅዳሜ

ሽቦውን በወፍራም ቀየርኩ። ተጋደምኩ። ተኛሁ። ያው ነው፤ እንደ ጅብ በላ።

እሱን በቀን አስተኛሁት። "አሁን የሙከራ ዓይጥ ሆንኩ?" እያለ ተኛልኝ። ጥቂት በላ።

ፊውዙን ቀየርኩ። መጋጠሚያዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ። ዋስትና ጋ ሄድኩ። "በባለቤቴ ሲሆን ቁጥብ ነው፤ በኔ ሲሆን ሆዳም ነው" ብዬ አስረዳሁት። ረጅም ጊዜ አየኝ። "እናቴ" አለ፤ "እኔ ፓነል ነው የምሸጠው።"

መሣሪያው ይጠላኛል።

ረቡዕ፣ ማታ

ተጣላን። ትናንት ሌሊት ነቅቼ ሳይ ጭምብሉ መንጠቆው ላይ ተንጠልጥሏል፤ እሱ የሹፌሩ ወንበር ላይ ወደኔ ዞሮ ተቀምጧል። የምታፈጥ ጉጉት።

"ለምን አወለቅኸው?"

"ያሳክከኛል።"

"ያሳክከኛል! ቦርዱ 'ያሳክከኛል' ስትለው ይሰማሃል? ለማን ብዬ ነው ጣሪያ ላይ የምወጣው? ባትሪ ሞልቶልሃል፤ ሽቦ ተቀይሮልሃል!"

"ኢንጂነሬ፣ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ተኚ።"

"መተኛቱን አንተ ተኛ! እኔንም በየጊዜው አትነካካኝ። ባለፈውም ገፍተህ ገፍተህ ቀሰቀስከኝ።"

"ቦታ ጠቦኝ ነው።"

"ቦታ የጠበበውማ ወንበር ላይ አይቀመጥም።"

አሁን እሱ ጋሼ ዘንድ ሄዷል፤ እኔ እጽፋለሁ። የሚያናድደኝ ግዴለሽነቱ ነው። መንዳት አይፈልግ ይሆን? ፈርቶ ይሆን? የሌሎች ሰዎች አንዲት ግድፈት አታመልጠኝም፤ አብሬው የምኖረውን ሰው ግን ማንበብ አልቻልኩም።

ሰኞ

ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ። አለቃዬ በትከሻዬ ላይ ሹራቡን ጣል አድርጎ ሄዷል። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

ሆስፒታል ሄድን። ከቦርዱ በፊት የእንቅልፍ ባለሙያዋ መዝገቡን የምታይበት ቀን ነው። ወጣት ሴት ናት፤ ቃል አታባክንም። እኔ ደግሞ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። የመሣሪያውን ብልሽት የሚያሳይ ሥዕል ሠርቼ ነበር፤ በሰማያዊ የሱ ፍጆታ፣ በቀይ የኔ። ማስመሪያ ተጠቅሜያለሁ።

ዘርግቼ አስረዳሁ። ሽቦው፣ ፊውዙ፣ መጋጠሚያው። "ስለዚህ" አልኩ፤ "ሣጥኑ የተበላሸ ይመስለኛል።"

ሥዕሉን አየች። ከዚያ የራሷን የኮምፒውተር ማያ አየች። "ቅዳሜ ከሰዓት ከሰዓት የሚተኛበት ማነው?"

"እኔ ነኝ። ለሙከራ።"

"ሣጥኑ አልተበላሸም" አለች። "ትንፋሽ ሲዘጋ ለመክፈት በኃይል ይነፋል። በኃይል ሲነፋ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። የባለቤትዎ ቀላል ነው፤ ትንሽ ነፋ ሲያደርግ ይከፈታል። የእርስዎ ግን..." ማያውን ወደኔ አዞረችው። "ጠዋት ራስዎን ያምዎታል?"

"ትራሱ ነው" አልኩ።

"ቀን እንቅልፍ ይጥልዎታል?"

ቀና ብዬ ባለቤቴን አየሁት። ወለሉን እያየ ነበር። አልደነገጠም። መሬቱን የሚያይ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አዲስ ነገር የሰማና የቆየ ነገር የተሰማበት።

"ያውቁ ነበር?" አለችው ባለሙያዋ።

"ከቆየ" አለ።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል። እኔ ደግሞ የራሴን ማረር በግራፍ ሠርቼ፣ በማስመሪያ አስምሬ፣ ለሐኪም ወሰድኩ።

ሐሙስ፣ ማታ

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነገረኝ። በመስኮቱ እያየ ነው የነገረኝ፤ መንገዱን የሚነዳው እሱ የሆነ ይመስል።

"ጭምብሉን ሳደርግ በጆሮዬ የሚመጣው የአየሩ ድምፅ ነው። አንቺን አልሰማሽም። ትንፋሽሽ ሲቆም እቆጥራለሁ። ሲረዝምብኝ እነካሻለሁ፤ ትዞሪያለሽ፤ ይመለሳል። ጭምብል አድርጌ እንዴት ልቁጠር?"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከድሮው ቤት።"

"ስትነዳም? ማግስቱን እየነዳህ ነው ሌሊቱን..."

"ቤት ባደርኩ ቀን ነዋ። ውጭ ሳድርማ ጥሩ እተኛለሁ።" መስታወቱን በእጅጌው ጠርጎ፦ "ጥሩም አልተኛም። አሁን ማን ይነካታል እላለሁ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ነግሬሽ ነበር አንድ ጊዜ። 'ሴት ልጅ አታንኮራፋም' ብለሽ ለሦስት ቀን አኮረፍሽኝ።"

አስታውሳለሁ ማለት እፈልጋለሁ። አላስታውስም። ግን እኔ የምለው ነገር ይመስላል።

አሁን ይህን ስጽፍ ወደ አልጋው መሄድ እፈራለሁ። ባለሙያዋ ሁለተኛ መሣሪያ ለማግኘት ተራ መጠበቅ አለ ብላለች። ያለው አንድ ነው። እሱ ካደረገው የኔን ትንፋሽ ማንም አይሰማም። እኔ ካደረግሁት የሱ ሌሊት አይቆጠርም፤ ቦርዱ ደግሞ ደርሷል። እሱ "አንቺ አድርጊው" ይላል። እኔ "አንተ" እላለሁ። እንደ ምግብ ሂሳብ ከፋዮች ስንገፋፋ ሁለታችንም ያለ ጭምብል ቁጭ ብለን አመሸን።

ቅዳሜ

መፍትሔው ከጣሪያው መጣ። ባትሪው ለሱ ሌሊት ብቻ ይበቃል፤ የኔን ሆዳምነት አይችልም። ቀን ግን ፀሐይዋ ራሷ አለች። ከቀትር እስከ ማታ መሣሪያው የሚበላውን ፓነሉ እያመጣ ያጎርሰዋል። ትናንት ተመልሼ ሄጄ ስነግራት ባለሙያዋም ተስማምታለች፤ "ሌሊቱ የእሳቸው፣ ቀኑ የእርስዎ፤ ለይቼ አነበዋለሁ፤ ጭምብሉን ግን ለየብቻ" ብላ ሁለተኛ ጭምብል ሰጠችኝ።

ስለዚህ ጠዋት ማተሚያ ቤት እሠራለሁ። ከቀትር በኋላ በፀሐይ ኃይል እተኛለሁ። ሌሊት ነቅቼ ቁጭ እላለሁ፤ እሱ የሚሰማው ነገር እንዳይኖር። ጭምብሉን አድርጎ መጀመሪያ ላይ በአንድ ዓይኑ ያየኛል። "ነቅቻለሁ፤ ተኛ" እለዋለሁ። አውራ ጣቱን አንስቶ ይዞራል።

ማክሰኞ

ለማጥፊያ መንገር ነበረብኝ፤ በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ ዘግቼ መተኛቴን ምን ትለዋለች? ወፍጮው እኔ ነኝ አልኳት። ትስቃለች ብዬ ተዘጋጀሁ።

"የኔ እናት" አለች። "ሴት ነሽ ብዬ እኮ ነው እሱን የወነጀልኩት።" ከዚያ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ እኔም አብሬ።

ከሰዓት ስተኛ፣ ግቢ ለገባ ሁሉ የምትለውን እንቅልፍ ሳይወስደኝ ሰማሁ፦ "ቀስ! ሰው ተኝቷል! አንሶላውንም ከዚያ አንሱት፤ ፀሐይዋን ጋርዷታል!"

ዓርብ

ደመና። ቀኑን ሙሉ። ፓነሉ የሰጠው ለስልክም አይበቃ። እኔ ብተኛ የሱን ሌሊት እበላበታለሁ። አልተኛሁም። ማታ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን በቁንጥጫ አሳደርኩ። አንድ ጊዜ ተንገዋለልኩ መሰለኝ፤ ብድግ ብዬ እሱን አየሁት። ተኝቷል። ደረቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሰው ሲተነፍስ ማየት እንዲህ አድካሚ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር። እሱ ይህን ሠርቶ ጠዋት አውቶቡስ ይነዳ ነበር።

ሰኞ

ነገ ቦርዱ ነው። ሱሪውን ተኮስኩለት። በጋሼ ቤት ኤሌክትሪክ፤ ካውያ ከፓነሌ አቅም በላይ ነው። ኩራቴ ልኩን አውቋል።

ማክሰኞ

መለሱለት! ፈቃዱን መለሱለት! ጭምብሉን ስላወለቀባቸው ሌሊቶች ባለሙያዋ ምክንያቱን ጽፋለት ነበር።

ጋሼ አቅፈውት ቆዩ። ማጥፊያ የበረንዳውን መብራት አብርታ እስክንተኛ አላጠፋችውም።

ረቡዕ

መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ተመለሰ። ጫማውን አውልቆ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

"የከተማ መስመር ፈረምኩ" አለ።

አልገባኝም። የከተማ መስመር ለጀማሪና ለጡረታ ለቀረበ ነው። ደመወዙ ያንሳል። ከሁሉም በላይ፣ ቤቱ የረጅም መንገድ ሹፌሮች ብቻ ነው።

"ቤቱስ?"

"ቤቱ ቀረ።"

"ቀረ? ዝም ብሎ ቀረ? አንተ ሰው፣ ለዚህ ነው ጭስ የዋጥኩት? ለዚህ ነው ሌሊት ለሌሊት የተጎለትኩት? ግድግዳ ያለው ቤት፣ ሶኬት በየግድግዳው ያለው ቤት እየጠበቀን! አንድ ቃል ሳታማክረኝ! የሰው ግቢ ውስጥ ልታስረጀኝ ነው?"

ማጥፊያ መስኮቷን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

እስክጨርስ ጠበቀኝ። ሁልጊዜ እስክጨርስ ይጠብቀኛል።

"የረጅም መንገድ ሹፌር ሌላ ከተማ ነው የሚያድረው" አለ። "እኔ ሌሊት ሥራ አለኝ።"

የቃል ሰው ነኝ፤ በሕይወቴ ሙሉ የሰው ዓረፍተ ነገር ሳርም ኖሬያለሁ። ይቺን ግን የት ጋ እንደምነካት አላወቅሁም።

"ሁለተኛውን መሣሪያ ቢሰጡን ሌላ ፓነል ያስፈልገናል" አልኩ። "ቦታውን ልለካ።" መሰላሉን አስጠግቼ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ሜትር አልያዝኩም። የወጣሁት እዚያ ማንም አያየኝም ብዬ ነው። ፓነሉ አጠገብ ተንበርክኬ አቧራውን በእጄ እየጠረግሁ ቆየሁ፤ ጠርጌ ስጨርስ ሌላ ይንጠባጠብበታል።

ከታች፣ ማስጫው ጋ፣ ማጥፊያ ልብስ ታሰጣ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች።

"አንቺ!" አለች። "ፓነል በጨው ውኃ አይታጠብም፤ ውረጂ!"